በሕይወት ላለች ሙሾ

ደብረ ታቦር፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ሚስት ለማሬ፤

ባሕርም በረሃም የማያግደው ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ጉና ክረምቱን ሙሉ የተከናነበውን ጭጋግ ማውለቅ ጀምሯል፤ ብርዱ ግን አሁንም አጥንት እየፈለገ ይገባል።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርሽ በቀለለኝ። ቤቴን ግን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ክፍል ናት። ልጅሽ ከአልጋዋ ሆና የምለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ሰውን ከጎን አስቀምጦ እንደሌለ አድርጎ ማማት ደግሞ ነውር ነው። የይፋጓ ዘነበች ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

እስከዛሬ በስልክ «ደህና ናት» ስልሽ የነበረው አድበስብሼ ነው። ወንድሜ ካሳሁን ካረፈና አዲስዓለም ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ልጅቱ ደህና አልነበረችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ሽሮ ሠርቼ ባቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብሁ» ነው። ጠበል አስጠመቅኋት። ጤና ጣቢያም ወሰድኋት፤ እዚያ ያለችው ሐኪም «ድባቴ ይባላል፣ በሽታ ነው፣ ስንፍና አይደለም» ብላ ቀጠሮ ሰጠችን፤ ደግሞም «ከእኩዮቿ አትለያት» ብላ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

እኩያ ከተባለ መጣላት። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ ዙለይካ ትባላለች፤ በትምህርት አንድ ክፍል ትበልጣታለች። እሷና ጓደኞቿ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት ይሰበሰባሉ። መምህር መልካሙ የሚባለው አሮጌውን የስፖርት ዕቃ ቤት ይከፍትላቸውና እሱ ራሱ ይሄዳል። «ዙር» ነው የሚሉት። ተራ የደረሳት ልጅ የከበዳትን ነገር በግጥም ይሁን በሥዕል፣ ሲላት ተነሥታ እንደ ድራማ እየሠራች ታወጣዋለች። ሌሎቹ አይመክሩ፣ አይገሥጹ፤ ዝም ብለው ይቀበሏታል። ትልቅ ሰው አይገባም፤ እዚያ የተባለ ነገርም ከዚያ አይወጣም።

የእኛዋ ታዲያ ምን ይዛ ብትገባ ጥሩ ነው? የእኔን ሙያ። ሙሾ። እንደ ለቅሶ ቤት አንዷ አውራጅ፣ ሌሎቹ ተቀባይ ሆነው፣ የሞተ በሌለበት ሙሾ ያወርዳሉ አሉ። አንዷ ላመለጣት የትምህርት ዘመን፣ ዙለይካ በበረሃ ሄዶ ለጠፋው ወንድሟ። ይህን የነገረችኝም የዙለይካ እናት ናት እንጂ የእኔዋማ ትንፍሽ አላለችም።

ሳልደብቅሽ ልንገርሽ፣ አንጀቴን በላው። የፋርጣን ግማሽ አልቅሼ የሸኘሁ ሴት ቤት ተቀምጣ፣ ለእኔ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ትሰነዝርና አፏን የምትከፍተው ለሰፊው ልጅ! ሙስሊም መሆኗ አይደለም የከነከነኝ፤ እኛና እነሱ በአንድ ጉድጓድ ውሃ ያደግን ነን። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው በእኔ ደረሰ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ባለፈው ሐሙስ ልብስ እያጠብን ሳለ «እማ፣ ሳሙናውን ስጪኝ» አለችኝ። አንቱ ትለኝ የነበረችው ልጅ ናት እንግዲህ። ሁለታችንም ደነገጥንና ማጠባችንን ቀጠልን። አንቺ መቼም አትቆጭም።

ከቻልሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ላኪልን። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

የባልሽ እህት ፈንታነሽ


ኩዌት፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእታለም ፈንታነሽ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ወገብዎ ተሻለዎት? እኔ በእርስዎ ጸሎት ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤዎን ዘነበች ዓርብ ቀን ቤተ ክርስቲያን አግኝታ ሰጠችኝ። እግርዎን ብስመው ደስ ባለኝ። ልጄን ውሃ አጠጥተው፣ ጠበል አስጠምቀው፣ ሐኪም ቤት አመላልሰው ይዘውልኛል። ይህን ውለታ የሚመልሰው እግዚአብሔር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ብርድ ልብሱን ገዝቻለሁ፤ ሰው ሲገኝ እልካለሁ። የእሷን አንድ ፎቶግራፍ እንዲልኩልኝ እለምናለሁ። በስልክ ምስሏን ልይ ስል ፊቷን ትሸፍናለች።

እታለም፣ «አንቺ መቼም አትቆጭም» ብለው ጽፈዋል። አልተቆጣሁም። የት ሆኜ እቆጣለሁ? ግን ደብዳቤዎን ካነበብሁ ወዲያ ሩዙን ሁለት ቀን አሳርሬ ማዳም ጮኸችብኝ። እኔ እርስዎን አንቱ ብዬ ነው ያረጀሁ፤ ልጄ በአንድ ሳሙና ምክንያት አንቺ አለችዎት። እኔ ስደውልላት ስልኩ ጆሮዋ ላይ ይደረጋል፣ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ ከዚያ እርስዎ ተቀብለው «ደህና ናት» ይሉኛል። ወላጅ ነኝ ብዬ እኮራለሁ እንጂ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል።

ያቺ ዙለይካ ማን ናት? እኔ የማላውቀውን የልጄን ሆድ እሷ እንዴት አወቀችው? እዚያ ቤት ውስጥ የሚወርደው ሙሾስ ስለ ማን ነው? ስለ አባቷ ከሆነ ይገባኛል፤ ስለ እኔም ቢሆን ማወቅ መብቴ ይመስለኛል። ትልቅ ሰው አይገባም ይበሉ፤ ልጆች ናቸው ሕጉን ያወጡት። እባክዎ እታለም፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ በዚያ በኩል አለፍ ይበሉና ጆሮዎን ጣል ያድርጉልኝ። የምትለውን፣ ስሜን የምትጠራ እንደሆነም እንዴት አድርጋ እንደምትጠራው ይጻፉልኝ። በቀረውስ የፈለጉትን ይዘዙኝ።

ለአዲስዓለም «እናትሽ ናፍቃሻለች» ይበሉልኝ። እናትሽ የሚለውን ቃል ሳይዘሉ።

ታናሽዎ ማሬ


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሬ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኛ ደህና ነን።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ሄጄ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅሽ ወደ ዙር አትሄድም፤ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ገበያ ትውላለች። ምን ሰማሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ሁሉ ነገር በወረቀት አይሄድም። ለአንቺው ብዬ ነው ያስቀረኋት።

አንቺ ግን ማተብሽን ከአንገትሽ እንዳታወልቂ። መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እይ። ፎቅ መስኮት ላይ ቆመሽ መስታወት አትወልውይ፤ ማዳምሽ ብትቆጣም ትቆጣ። የንስሐ አባቴ በስምሽ ጸሎት እንዲያደርሱ ነግሬአቸዋለሁ።

ብርድ ልብሱ ይቅር። ምንም አትላኪ። ፎቶግራፍ ለመነሣትም አሁን ቀኑ አይደለም።

ፈንታነሽ


ኩዌት፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ፈንታነሽ፤

እንደምን ከረሙ? ገናና ጥምቀትን እንደምን አሳለፉ? እኔ አለሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤዎን ሳነብ የተሰማኝን ልንገርዎት። ደስ አለኝ። ልጄ ከዚያ ዙር መውጣቷ ደስ አለኝ። «እንግዲህ ዙለይካም እንደ እኔ በር ላይ ትቁም» አልሁ በልቤ። ይህን ካልሁ በኋላ ማዳምን አየኋት። መንትዮቿን እኔ ነኝ የማሳድጋቸው፤ ሲወድቁ የሚጠሩት እኔን ነው። ያን ጊዜ እሷ በፊቷ ትስቃለች፣ ማታ ግን ጨው በዛ ብላ ሰበብ ፈልጋ ትሰድበኛለች። ምን እንደሚያቃጥላት ሁልጊዜ ይገባኝ ነበር። የእኔም ፊት እንደሷ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ልጅ ከሞት አፍ ስትመለስ «በማን እጅ ተመለሰች?» ብሎ የሚጠይቅ እናት ምን ይባላል?

ቀጥሎ ፈራሁ። ማተብሽን አታውልቂ፣ መስኮት አትወልውይ ያሉኝ ስለምንድን ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የሆነ ነገር ሰምተዋል። ረገመችኝ? አትምጣብኝ አለች? እናት አይደለችም አለች? የፈለገው ይሁን። እዚህ ያለሁት ብቻዬን ነው፤ ያልተነገረኝን ነገር እየደረደርሁ ሌሊቱን አነጋዋለሁ። የሚነገረኝ ከዚያ አይብስም።

ትናንት ስደውል ትንፋሿን እንኳ አልሰማሁም። «ተኝታለች» አሉኝ። በቀትር ነበር የደወልሁት።

እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ማሬ


ኩዌት፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ጥር ላይ የጻፍሁት ደርሶዎት ይሆን? ስልክዎም አይነሣም። በሐሙሲት ሰው በኩል ባስጠይቅ «ልጅቱ ትምህርት አቁማለች» የሚል ወሬ መጣልኝ። ከእርስዎ አፍ ልስማው።

ማሬ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማሬ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ዘግይቻለሁ፤ የዘገየሁትም የምጽፈው ስለጠፋኝ አይደለም። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ያን ቅዳሜ ዘንቢሌን እንደያዝሁ በዕቃ ቤቱ ጀርባ ቆምሁ። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። ተራው የአዲስዓለም ነበር። ማሬ፣ ልጅሽ ድምፅ አላት። እኔ ቤት እንደ አይጥ የምታንሾካሹከው ልጅ ቁጭ ብላ ስታወርድ፣ ቃሉን የት ጋ እንደምትሰብረው፣ ለተቀባይ የት ጋ እንደምትለቅ፣ ሁሉን ታውቃለች። ከእኔ ነው የሰማችው። ከእኔ ግን ይበልጣል፤ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ያለችው ይኸውልሽ፤

ለሞተ አባቴማ አገር መጣ ለቅሶ፣
ለሄደች እናቴ ማን ይምጣ ገስግሶ?

ልጆቹ «ወይ እናቴ፣ ወይ» እያሉ ተቀበሏት። ደግሞ ቀጠለች፤

ድምጿ በስልክ መጥቶ ደጄን ሲያንኳኳ፣
እጇ ግን አይመጣም ግንባሬን ሊነካ።

አየሽ? በሕይወት ላለሽው ለአንቺ ሙሾ እያወረደች ነው። ዘንቢሌን ጥዬ በሩን በርግጄ ገባሁ። «እናትሽን በቁሟ ትቀብሪያታለሽ? ይህ ሟርት ነው!» ብዬ በጓደኞቿ ፊት እጇን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ዙለይካ «እትዬ፣ ለሞት አይደለም እኮ፣ ለናፍቆት ነው» ብትለኝ በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም። ማተብሽን አታውልቂ ያልሁሽ በዚህ የተነሣ ነው። ከአፍ የወጣ ነገር ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ፤ አሁንም ቢሆን እፈራለሁ።

ግን ሟርቱ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ለንስሐ አባቴ እንኳ በቅጡ አልነገርሁም። ቀናሁ። ገላዋን ያጠብሁ እኔ፣ ስትቃዥ ቀና አድርጌ የያዝሁ እኔ፣ ሙሾው ለአንቺ! ሦስት ዓመት ዓይኗን ላላየሻት። ቆሜ ስሰማ «አሁን የእኔ ስም ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» እያልሁ ነበር። አንዲት ስንኝ እንኳ የለሁበትም። ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ሙሾ ከአፌ ሲወጣ የኖርሁ ሴት የእኔን የሚያወርድ አጣሁ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። ጎትቼ ያወጣኋት በዚያ ንዴት ነው እንጂ ለአንቺ በማሰብ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ወደቀች። ገበያ ይዣት ብሄድ እንደ ጆንያ ባስቀመጥኋት ትውላለች። ከጥር በኋላ ትምህርቱንም ተወች። ሐኪሟ «ምን ተለወጠ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ምንም» አልኋት፤ ልጅቱ ከጎኔ ተቀምጣ እየሰማች። አንቺ ስትደውይ ስልኩን ማንሣት ያቆምሁት ያን ጊዜ ነው።

ዙለይካ ሦስት ጊዜ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከበር መለስኋት። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ልጆቹን ሁሉ ይዛ መጥታ ከአጥሬ ውጭ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሩን ዘጋሁና እንዝርቴን አነሣሁ። ዕቃ ቤቱን ወደ ደጄ አመጡት ማለት ነው። ተራው አሁንም የአዲስዓለም ነው፤ እሷ ሳትጨርስ ወደ ሌላ አናልፍም ብለዋል አሉ። እና ያለ አውራጅ መቀበል ጀመሩ። «ወይ እናቴ፣ ወይ» ይሉና ያቆማሉ፤ ልክ አንዲት ስንኝ የሚያህል ጊዜ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ እንደገና «ወይ እናቴ፣ ወይ»።

ማሬ፣ አንቺም በለቅሶ ቤት አድገሻል፤ ተቀባይ አውራጅ አጥቶ ሲቀር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ሙሾ ሜዳ ላይ እንዲህ ተጥሎ ሲቀር መቀመጥ አልችልም። ያዙኝ ልቀቁኝ አለኝ። ላወርድላቸው አፌን ከፈትሁ። አንዲት ቃል አልመጣልኝም። የማንን ብዬ ላውርድ? ጉዳቱ የእኔ አይደለም።

ከአልጋው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። ተኝታ እያለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ «ለሞተ አባቴማ» አለች። ውጭ ያሉት ሰምተው ተቀበሏት። ሁለተኛውን ስትል ተነሥታ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነው ያለችው፤ እሱን ከዚህ በፊት አልሰማሁትም፣ አልጻፍልሽምም፤ ሕጋቸው ነው። ተነሥቼ በሩን ከፈትሁላት። እሷ ወጣች፣ እኔ ውስጥ ቀረሁ። ዙራቸው ውስጥ ከገባሁ ይሰበራል ብዬ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሳ ገባች። ዓይኗ አብጧል፣ ግን እራት ቀርቦ በላች። እያየኋት አፌን መያዝ አቃተኝና «ለእኔስ አንዲት ስንኝ የለሽም?» አልኋት። አሮጊት ሴት እንዲህ ስትለማመጥ ያሳፍራል። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺማ የት ሄድሽና?» አለችኝ። ከዚያ ሽሮውን ጨምሪልኝ አለች።

ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ወስጄ እውነቱን ሁሉ ተናገርሁ። ትምህርት ጀምራለች፤ ቀጠሮዋም አልተቋረጠም። ዙር ትሄዳለች።

ልጆቹን ስለ አንቺ ለመንኋቸው። ተማክረው መልስ ሰጡኝ፤ አዲስዓለምም ፈቀደች። እናቷ በስልክ ትግባ፣ ግን እንደ ማንኛችንም ትሁን፤ አትምከር፣ አትቆጣ፣ አታባብል፣ ትቀበል ብለዋል። ደብዳቤው ሲደርስሽ ደውይልኝና ቅዳሜውን እነግርሻለሁ።

የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። ይቅር በይኝ።

ፈንታነሽ


ኩዌት፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ፈንታነሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ድምፅዎን በስልክ ሰምቻለሁ፣ ግን ይህን በስልክ መናገር አልቻልሁም፤ ዘነበች ወደ አገር የሚመለስ ሰው አግኝታልኛለች።

ግጥሙን መጀመሪያ በወረቀት ሳነበው እጄ ሳላውቀው ወደ ማተቤ ሄደ። እኔም የጉና ሥር ልጅ ነኝ፤ በቁሜ ተለቀሰልኝ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ ላሉኝ ግን፣ ጆሮዎን ጣል ያድርጉ ብዬ የላክሁዎት እኔ አይደለሁም ወይ? ሁለት ቀናተኞች ተጋግዘን ልጅ ልናፍን ነበር። ይቅርታው የጋራ ይሁንልን።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ የሆነውን ልንገርዎት፤ እርስዎ በር ላይ ስለነበሩ በእኔ በኩል ያለውን አላዩም። ማዳም መንትዮቹን ይዛ ወጥታ ነበር። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ማሽኑን አጠፋሁና ስልኩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ሰዓታችን አንድ ነው፤ እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህም ዘጠኝ ነው። ይህን እንኳ እስከዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ልጄ ያለችበት ሌላ ቀን ይመስለኝ ነበር።

ዙለይካ ናት የተቀበለችኝ። «ማሬ፣ እንኳን መጣሽ» አለችኝ። እታለም፣ ስሜን ብቻ! እትዬ የለ፣ አንቱ የለ። ልቆጣ ስል «እዚህ ሁላችንም እኩያ ነን» አለችኝ። ድምጿ የዋህ ነው። ያን ያህል የጠላኋት ልጅ ናት።

ከዚያ አዲስዓለም ጀመረች። እርስዎ የጻፉልኝን ደግሜ አልጽፍም፤ ያልጻፉልኝን ሦስተኛውንም ሰምቻለሁ፤ እኔም አልጽፈውም። መጀመሪያ ልጆቹ ሲቀበሉ እኔ አልቻልሁም። አልሞትሁም፣ አለሁ፣ እመጣለሁ፣ ለአንቺ ብዬ ነው ብዬ መጮህ ነበር ያማረኝ። ትቀበል ነው የተባለው። አፌን በክንዴ ይዤ ቆየሁ። ሁለተኛው ላይ «ወይ እናቴ፣ ወይ» አልሁ። ለራሴ ሙሾ ተቀባይ ሆንሁ። ድምፄ እዚያ ሲደርስ እሷ ለጥቂት ጊዜ አቆመች፤ የሄደች መሰለኝ፤ ከዚያ ቀጠለች፣ ከፊተኛውም አጠንክራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት። አንዲት ስንኝ የለሁበትም ብለው ጽፈዋል። ያን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብሁት። በሕይወቴ በ«እማ»ም፣ በሳሙናም፣ በዙለይካም ቀንቼ ነበር፤ እንደዚያ መስመር ግን ያስቀናኝ የለም። እርስዎ «የት ሄድሽና» ተብለዋል። ይህ ሁሉ ግጥም ለእኔ የተደረደረው እኔ ስለሌለሁ ነው። የተባለልኝን ሁሉ ወስደው፣ ለእርስዎ የተሰጠችውን አንዷን መልስ ቢሰጡኝ ዛሬ እለዋወጥ ነበር። እና አሁንም እየቀናሁ ነው፤ ይህን ሳልደብቅ ነው የምጽፍልዎት።

ውሌ ነሐሴ ላይ ያልቃል። ማዳም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አምጥታልኛለች፤ አልፈርምም ብያታለሁ። መንትዮቹ አለቀሱ፣ እሷ ግን ያን ቀን ጨው በዛ አላለችኝም።

ያን ቅዳሜ ሙሾው ሲያልቅ ስልኩን አዲስዓለም ወሰደችው። ትንፋሿን ለየሁት። «ሰማሽ?» አለችኝ። ሰማሁ አልኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችኝን ያን ጊዜ ጠየቀችኝ፤ «መቼ ነው የምትመጪው?» ነሐሴ አልኋት። አላመነችኝም፤ አልፈርድባትም፣ ከዚህ በፊትም ብያት ነበር። «እንግዲያው እስክትመጪ ሙሾውን አላቆመውም» አለችኝ።

አታቁሚው አልኋት።

ታናሽዎ ማሬ